በብርድ አገር የደጅ ቧንቧን ቦታ ስለ መለወጥ

አትክልት ለማጠጣት እንዲመች፥ ወይም ቤቱ ሲታደስ፥ በውጭ ግድግዳ ላይ ያለውን የውሃ ቧንቧ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ማዛወር ቀላል ሥራ ይመስላል። በአገራችንም በእውነቱ ቀላል ነው። በደብረ ብርሃንና በመሰሉት ደጋዎች ውርጭ ቢወርድ፥ ሌሊቱን ነጥቶ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋልና። ነገር ግን ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኖሩበት በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ፥ በሚኒያፖሊስ ከተማ የጥር ብርድ በአማካይ ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ በዚያ ቤት ላላቸው፥ ዘመድም ላላቸው አንባቢዎቻችን ይህን ነገር መግለጽ የሚገባ መስሎ ታየን።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። በረዶውም በቧንቧው ውስጥ እንደ ውታፍ ሆኖ፥ በእርሱና በተዘጋው አፍ መካከል የቀረውን ውሃ ሲያስጨንቀው የመዳቡ ቧንቧ ይሰነጠቃል። ክፋቱ ግን ወዲያው አለመታወቁ ነው። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ስንጥቁን ራሱ ደፍኖት ይቆይና፥ ብርዱ ሲለቅ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ፈስሶ፥ ቤተ ሰቡ በብዙ ድካም ያፈራውን ቤትና ዕቃ ያበላሻል።

ለዚህም መድኃኒቱ ውሃው የሚዘጋበትን ስፍራ ከብርዱ ማራቅ ነው። ለብርድ አገር ተብሎ የተሠራ ቧንቧ አለ፤ እጀታው በውጭ ቢታይም፥ ውሃውን የሚዘጋው ክፍል በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሆኖ 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ቤቱ ሙቀት ይገባል። እንግዲህ አዲሱ ስፍራ ሲመረጥ ከግድግዳው በስተ ኋላ ያለው ክፍል የሚሞቅ መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። እሳት የማይነድበት የመኪና ቤት ከሆነ ግን የቧንቧው ርዝመት ምንም አይጠቅምም። ሲተከልም የቀረው ውሃ ተንጠፍጥፎ እንዲወጣ ወደ ውጭ ጥቂት ዘንበል ይበል።

ብርድ የሚከለክለው ልባስም በቧንቧውና በውጩ ግድግዳ መካከል ይሁን እንጂ በቧንቧውና በሞቀው ክፍል መካከል አይሁን፤ እንዲህ ቢሆን ሙቀቱን ከቧንቧው ይከለክላልና። አሮጌውን መስመር ደግሞ አፉን ብቻ ደፍኖ መተው አይገባም። ውሃ በውስጡ ቆሞ ይቀርና በረዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ከዋናው መስመር ከተገነጠለበት ሥር መቈረጥ አለበት።

ቧንቧውን ከቤቱ አርቆ በአትክልቱ መካከል መትከል ለሚወድ ደግሞ፥ መዝጊያው የመሬቱ በረዶ ከማይደርስበት ጥልቀት በታች መቀበር ይኖርበታል። በሚኒሶታ የግንባታ ሕግ የቤት መሠረት ስለ በረዶ በደቡቡ 107፥ በሰሜኑ 152 ሳንቲሜትር ያህል እንዲወርድ መታዘዙን ብናስብ፥ የነገሩን ክብደት እንረዳለን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳለ አንድ ትንሽ ነገር ሥራውን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች። የአትክልቱ ጎማ ከቧንቧው አፍ ሳይፈታ ብርዱ ከገባ፥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ያ ረጅም ቧንቧ እንደ ተራው ይሰነጠቃል። ስንጥቁም ከመዝጊያው ወደ ውጭ ስለሆነ በጸደይ ቧንቧው እስኪከፈት ድረስ አይታወቅም።

ስለዚህ የመበየዱን ሥራ ለተፈቀደለት የቧንቧ ሠራተኛ መስጠት፥ ጎማውን በጊዜው የሚፈታውን ሰው ግን ከቤተ ሰቡ መካከል ለይቶ ማዘዝ ይገባል። ልጆችም ሳይቀሩ የቤቱ ውሃ በሙሉ የሚዘጋበትን ስፍራ ይወቁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ በመከር የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ጥንቃቄ ቤትን ከጥፋት ያድናል።