አራሹና የመንደሩ ሹም፤ በ1381 ዐመፅ ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት የነበረው የሕዝብ አከፋፈልና የሥራ ዐይነት

በመካከለኛው ዘመን የኖሩ የአውሮፓ ጸሓፊዎች የአንድ መንግሥት ሕዝብ በሦስት ይከፈላል ይሉ ነበር፤ ይኸውም የሚጸልይ፥ የሚዋጋና የሚያርስ ነው። አከፋፈሉ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ በእኛም ዘንድ መሬት ሲሶው ለነጋሽ፥ ሲሶው ለቀዳሽ፥ ሲሶው ለአራሽ ነው ሲባል ኖሯል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው አነጋገር ሕዝቡ እንዲኖርበት የታሰበውን ሥርዐት የሚያመለክት ስለ ሆነ፥ የአንድን መንግሥት ማኅበራዊ ኑሮ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ በእርሱ ብቻ ቢመራ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝን መንግሥት ወስደን፥ በ1381 ገበሬው በተነሣ ጊዜ ማን ምን ይሠራ እንደ ነበር፥ ከዐመፁም ፊት የቆመው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ለመግለጥ እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሕዝቡ የሚበዛው በገጠር የሚኖር አራሽ ነበረ፤ አራሹም አንድ ዐይነት አልነበረም። አንዱ ክፍል ነጻ ሰው ሲሆን፥ ለያዘው መሬት ኪራይ ይከፍላል፥ ቢበደልም ለንጉሡ ፍርድ ቤት አቤት ይላል። ሌላው «ቪለን» የሚባለው ነው። ቪለን በየሳምንቱ የተወሰነ ቀን በባለ ጉልቱ ሑዳድ ላይ ይሠራል፤ ሴት ልጁን ሲድር ለጌታው ገንዘብ ይከፍላል፤ ሲሞትም ከከብቶቹ የተሻለው ለጌታው ይወሰዳል። ያለ ፈቃድ መንደሩን ለቆ አይሄድም፥ ጌታውንም በንጉሡ ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። የሑዳዱ ሥራ በብዙ ቦታ በገንዘብ ተለውጦ ነበር፤ የስሙ ውርደት ግን አልቀረም። ይህን ሰው «ጭሰኛ» ብለን እንዳንተረጕመው፥ በአገራችን እስከ 1975 የመሬት ዐዋጅ ድረስ የነበረው ጭሰኛ ድኻ ቢሆንም በሕግ ነጻ ነበር፤ ቪለን ግን ከነዘሩ ለመሬቱ የታሰረ ነው። «ገባር» የሚለው ጥቂት ይቀርባል፥ እርሱም ቢሆን ልኩ አይደለም። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ትተነዋል።

በየመንደሩ ከአራሹ ሌላ ባለ እጅም ነበረ፤ ቀጥቃጭ፥ አናጢ፥ ድንጋይ ጠራቢ፥ ቤት ከዳኝ፥ ወፍጮ ጠባቂ፥ እረኛ። ከብቅል የሚጠመቀውን መጠጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠምቁና የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ መለኪያቸውን የሚመረምር ቀማሽም ከመንደሩ ይሾማል። በአገራችን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ለብዙ ዘመን በንቀትና በቡዳ ስም ሲጠሉ መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው፥ በእንግሊዝ የቀጥቃጭ ልጅ ምን ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል ማየት ያስደንቃል። ከ1327 እስከ 1336 የታላቁ የቅዱስ አልባን ገዳም አበ ምኔት የነበሩት የዎሊንግፎርዱ ሪቻርድ አባታቸው ቀጥቃጭ ነበር። እርሳቸውም የከዋክብትን አካሄድ የሚያሳይ ሰዓት የሠሩ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ወደ እኒህ ሰው ኋላ እንመለሳለን።

ለጥናታችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመንደሩ ሹም ነው። ይህ ሰው፥ በእኛ አገር ጭቃ ሹም እንደምንለው ያለ፥ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ቪለን ሆኖ ሳለ የሑዳዱን ሥራ ያዝዛል፥ ጎተራውን ይቈጣጠራል፥ በዓመቱም መጨረሻ ለባለ ጉልቱ ሒሳብ ያስረክባል። ከእርሱ ጋራ በመንደሩ ችሎት ተቀምጠው ማን አጠፋ፥ ማን ምን ይክፈል የሚሉ መሐላ የገቡ ሽማግሌዎች አሉ። የችሎቱም ነገር ሁሉ በብራና ጥቅል ይጻፋል። እንግዲህ ባለ ጉልቱ ከመንደሩ ምን ያህል እንደሚያገኝና ጥቅሉ በየትኛው ሣጥን እንደሚቀመጥ ከእነዚህ ሰዎች የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1348 የገባው ታላቅ ቸነፈር ከሕዝቡ ሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ፈጀ። ሠራተኛ ጠፋ፥ የተረፈውም ደመወዝ ጨምሩልን አለ። መንግሥቱ በ1349 በዐዋጅ፥ በ1351ም በሕግ ደመወዙ ከቸነፈሩ በፊት በነበረው ልክ እንዲሆን አዘዘ። ሕጉ የእያንዳንዱን ሙያ ዋጋ ቈርጦ ያስቀመጠ በመሆኑ ለእኛ ትልቅ መረጃ ነው፤ ለዋና ድንጋይ ጠራቢ በቀን 4 ፔንስ፥ ለዋና አናጢ 3 ፔንስ፥ ለአጫጅ በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት 2 ፔንስ፥ በሁለተኛው 3። በ1363 ደግሞ የባላገሩ ልብስ እንኳ በሕግ ተወሰነ፤ ሀብታቸው ከ40 ሺሊንግ በታች የሆነ አራሾችና እረኞች ከወፍራም ርካሽ ጨርቅ ሌላ እንዳይለብሱ ታዘዘ። ይህ ሕግ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሻረ። እንዲህ ያለ ሕግ የሚወጣው ድኻው እንደ ድኻ መልበሱን በተወ ጊዜ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ ከፈረንሳይ ጋራ ለሚደረገው ጦርነት የነፍስ ወከፍ ግብር መጣ። በ1377 ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ 4 ፔንስ ከፈለ። በ1379 ግብሩ በየማዕርጉ ተከፋፈለ፤ መስፍን 1,600 ፔንስ ሲከፍል ተራው ሰው እንደ ቀድሞው 4 ብቻ ከፈለ፤ አንዱ የሌላውን 400 እጥፍ መሆኑ ነው። በ1380 መጨረሻ ፓርላማው የወሰነው ግን ይህን አፈረሰው። ግብሩ በነፍስ 12 ፔንስ ሆነ፤ ሀብታም ድኻን ይርዳ ቢባልም ማንም ከነሚስቱ ከ20 ሺሊንግ ማለት ከ240 ፔንስ በላይ እንዳይከፍል ተደነገገ። ሀብታም በሌለበት መንደር የሚረዳ ስለማይኖር ድኻው 12ቱን በሙሉ ይከፍላል። በሕጉ ልክ የሚከፈለው አንድ ዋና አናጢ ለራሱና ለሚስቱ የስምንት ቀን ደመወዙን መስጠት አለበት። የሕዝቡም መልስ በመዝገቡ ላይ ይታያል፤ በ1377 ከ1,350,000 በላይ የነበረው የከፋዮች ቍጥር በ1381 ወደ 900,000 ዝቅ አለ። በተለይ ያላገቡ ሴቶች ከብዙ መንደር መዝገብ ጠፍተዋል። ይህን መዝገብ ለሰብሳቢ የሚያቀርቡት እነዚያው የመንደር ሹሞች ስለ ነበሩ፥ ዐመፁ ጦር ሳይነሣ በብዕር የተጀመረ ይመስለናል።

መንግሥቱ መርማሪዎች በላከ ጊዜ፥ በግንቦት 30 ቀን 1381 በኤሴክስ አውራጃ በብሬንትውድ ከተማ ሕዝቡ አባረራቸው። የኬንት ሰዎች በዋት ታይለር መሪነት ሰኔ 13 ቀን ለንደን ገቡ። በማግስቱ የዐሥራ አራት ዓመቱ ንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊ ቪለንነት እንዲቀር፥ የአንድ ኤከር መሬት ኪራይም 4 ፔንስ እንዲሆን ፈቀደ። በዚያው ቀን የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስና የመንግሥቱ ማኅተም ጠባቂ የነበሩት ሳይመን ሰድበሪ፥ ገንዘብ ያዡም ሮበርት ሔልስ ተሰየፉ።

ብዙ ሰው ይህን የረኃብተኞች ዐመፅ አድርጎ ያስበዋል። ሮድኒ ሒልተንና ክሪስቶፈር ዳየር የተባሉት የታሪክ ሊቃውንት በየመንደሩ መዝገብ ዐመፀኞቹን በስማቸው ፈልገው ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ ከመካከላቸው ደኅና መሬትና ከብት ያላቸው፥ ሹምና የችሎት ሽማግሌ የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ያቃጠሉትም ይህንኑ ይመሰክራል። በብዙ ቦታ መጀመሪያ የፈለጉት የችሎቱን ጥቅል ነበር። በካምብሪጅ የዩኒቨርሲቲው የመብት ደብዳቤዎች በገበያው መካከል ተቃጠሉ፤ እኛ ተማሪዎች ይህን ስናነብ ከየትኛው ወገን እንደምንቈጠር መጠየቃችን አይቀርም። በቅዱስ አልባንም አበ ምኔት ሪቻርድ የከተማውን ሰው የእጅ ወፍጮዎች ቀምተው ኖሮ፥ ድንጋዮቹ በገዳሙ እልፍኝ ወለል ላይ ተነጥፈው ነበር። የልጅ ልጆቹ ወለሉን ፈንቅለው ድንጋዩን ሰባበሩና በሰንበት እንደሚታደል ጸበል ጸዲቅ ለየቤቱ ተካፈሉት።

ነገር ግን የሠራተኛው ወገን ሁሉ አንድ ነበር ለማለት አይቻልም። በለንደን ከፍላንደርዝ የመጡ ብዙ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች በዚያው ሳምንት ታረዱ። የገዳዮቹ አንዱ ክፍል ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ባለ እጅ ነበረ፤ ገበያውን የሚሻማ መጻተኛ ከባለ ጉልቱ ይልቅ ቀርቦ ይታየዋልና።

ሰኔ 15 ቀን ዋት ታይለር በስሚዝፊልድ ተገደለ፤ ሐምሌ 2 ቀን ንጉሡ የሰጠውን የነጻነት ደብዳቤ ሻረ። ቪለንነት በአንድ ዐዋጅ አልቀረም፤ ሠራተኛ እየጠፋ ባለ ጉልቶቹ ሑዳዳቸውን ለማከራየት በመገደዳቸው በሚከተለው መቶ ዓመት ቀስ በቀስ ከሰመ። የቪለኑ መሬትም ሌላ ስም አገኘ። ያዡ የይዞታው ማስረጃ እንዲሆነው ከችሎቱ ጥቅል ተገልብጦ አንድ ቅጅ ይሰጠው ስለ ነበር መሬቱ በእንግሊዝኛ «ኮፒሆልድ» ተባለ። አያቶቹ ያቃጠሉት ጥቅል ለልጅ ልጁ የርስት ደብተር ሆነለት፤ ይህም የመሬት አያያዝ በእንግሊዝ አገር እስከ 1926 መግቢያ ድረስ በሕግ ጸንቶ ኖረ።