ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንትን መቆጣጠር

የፕሮስቴት ዕጢ ከእድሜ መግፋት ጋር እያደገ የሽንት መውጫውን ሲያጠብና በመድኃኒት የማይመለስ ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች እስከ ዛሬ የሚሠራው የሽንት ፊኛን በሆድ በኩል ከፍቶ ያደገውን ክፍል ፈልቅቆ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ በሽንት ቧንቧ በኩል በሚገባ መሣሪያ ዕጢው እየተላገ ይወጣል። ለካንሰር ሲሆን ግን ዕጢው ከነሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። በሽተኛው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ሽንት አልወርድ ብሎት ሲሰቃይ ቆይቶ በመጨረሻ ቱቦው ሲወጣለት ተቃራኒው ችግር ይገጥመዋል፤ ያልወርድ ይል የነበረው ሽንት አሁን አልያዝ ይላል።

ከኡካ፣ ከጎሬ ወይም ከሁሩሙ ገጠር ወደ መቱ ለክትትል የሚመጣ አረጋዊ ይህንን ችግር በቀጥታ አይናገርም። ቁስሉ እንደዳነና ሽንቱ እንደሚወርድ ገልጾ ይመለሳል። ሐኪሙ ረጋ ብሎ ከጠየቀ ግን ሽምግልና መቀመጥ እንደተወ፣ ከጁምዓ ወይም ከቅዳሴ እንደቀረ፣ የእድር ስብሰባ ላይ በር አጠገብ እንደሚቀመጥ ይሰማል። በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚከበር ሰው ልብሱ እንዳይሸት ፈርቶ ከሰው ሲርቅ የጠፋው ሽንት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን የማንሣት ኃላፊነት የሐኪሙና የነርሱ ነው።

ችግሩ ለምን ይከሰታል?

ሽንትን የሚይዙት ሁለት በሮች ናቸው። አንደኛው በፊኛው አንገት ላይ የሚገኝ፣ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ ጡንቻ ነው። ሁለተኛው ከፕሮስቴት ዕጢ በታች የሽንት ቧንቧውን የከበበ፣ በፈቃዳችን ልናዝዘው የምንችል ጡንቻ ነው። ፕሮስቴት ሲወጣ የላይኛው በር ይከፈታል ወይም ይጎዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ሁሉ በታችኛው ላይ ይወድቃል። ይህን ጡንቻ ከሥር ደግፈው የሚያግዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው። ከብልት በላይ ካለው አጥንት አንስቶ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥረው ፊኛንና አንጀትን ይሸከማሉ። ጠፍሩ ከላላ አልጋው እንደሚጎደጉድ ሁሉ፣ እነዚህ ጡንቻዎች ሲደክሙ ሳል፣ ማስነጠስ ወይም ከተቀመጡበት መነሣት ብቻ ሽንት ሊያስመልጥ ይችላል።

ሽንት ማምለጥ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሕክምናውም ይለያያል። በሳልና በሸክም ጊዜ የሚያመልጠው ከላይ የተገለጸው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ድንገት ሽንት መጥቶ ደጅ እስኪወጡ ድረስ ጊዜ አለመስጠት ሲሆን፣ ምክንያቱ ፊኛው ለረጅም ዘመን ከጠበበ መውጫ ጋር ሲታገል ጡንቻው ወፍሮ ያለ ትእዛዝ መኮማተር ስለለመደ ነው። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ብዙ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስተኛው በጣም አሳሳች ነው። ፊኛው ሳይተነፍስ ሞልቶ ይቀርና ትርፉ ጠብ ጠብ ይላል። እንዲህ ያለው በሽተኛ እንቅስቃሴ ሳይሆን የመውጫው መጥበብ መመርመር ያስፈልገዋል። ከሸና በኋላ የቀረውን ሽንት በአልትራሳውንድ መለካት፣ አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በእጅ መዳሰስ፣ እንቅስቃሴ ከማዘዝ ይቀድማል። የሽንት ኢንፌክሽንና የስኳር በሽታም መፈለግ አለባቸው።

እንቅስቃሴው

የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ማጠንከር በሕክምናው ዓለም በስፋት የታወቀው አርኖልድ ኬግል የተባሉ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። ዘዴው ለመቱ እንግዳ አይደለም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በክልል ካቋቋማቸው አምስት ማዕከላት አንዱ በመቱ ይገኛል። በፊስቱላ ሕክምና ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ስላሉ የዳሌ ወለል ልምምድ የእንክብካቤው አካል ሆኗል። ለሴቶቹ የተዘጋጀው ይህ ዕውቀት በዚያው ከተማ በፕሮስቴት ለተሰቃዩ ወንዶችም ሊጠቅም ሲችል እምብዛም አይደርሳቸውም፤ በእኔ አስተያየት ችግሩ የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን ወንዱን ማንም አለማስተማሩ ነው።

ልምምዱን ቱቦው ገና ሳይወጣ መጀመር አይገባም። ከተቻለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ትምህርቱን መስጠት፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ ደግሞ ማስጀመር ይሻላል። ትምህርቱ በሽተኛው በሚሰማው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ በግልጽ ቃላት ይሰጥ። «ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጨብጥ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ በዋናነት የሰገራ መውጫውን ጡንቻ ያሠራል። ለወንድ የተሻለው ትእዛዝ «የሚወርድ ሽንት እንደምታቋርጥ፣ ብልትህንም ወደ ውስጥ እንደምታሳጥር ሳብ» የሚለው ነው። በትክክል ሲሠራ ብልቱ በትንሹ ወደ ውስጥ ሲገባና የዘር ፍሬው ከፍ ሲል ይታያል። ሆድ፣ ቂጥና ጭን መወጠር የለባቸውም፤ ትንፋሽም አይያዝም። ትንፋሹን የያዘ በሽተኛ ፊኛውን ከላይ እየተጫነ ስለሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሲጀመር 3 ሰከንድ መሳብና ያንኑ ያህል ማላላት ይበቃል። ጡንቻው ሲጠነክር እስከ 10 ሰከንድ ይደርሳል። ይህን 10 ጊዜ መደጋገም፣ በቀንም 3 ጊዜ፣ መጀመሪያ ተኝቶ፣ ከዚያ ተቀምጦ፣ በመጨረሻም ቆሞ መሥራት ነው። በሚሸኑበት ጊዜ ሽንትን እያቋረጡ መለማመድ ግን ፊኛውን በሙሉ እንዳይወጣ ስለሚያስለምደው አይመከርም። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ጡንቻውን በሥራ መካከል መጠቀም ነው፦ ከመሳል በፊት፣ ከተቀመጡበት ወይም ከስግደት ከመነሣት በፊት፣ የቡና ጆንያ ከማንሣት በፊት፣ በቅሎ ላይ ከመውጣት በፊት አስቀድሞ መሳብ። ከባድ ሸክም ግን ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይቅር።

ሐኪም ለበሽተኛው ተስፋ ሲሰጥ መጠኑን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ የቤልጂየም ጥናት፣ ፕሮስቴታቸው በካንሰር ምክንያት ሙሉ በሙሉ ከተነሣላቸው ወንዶች መካከል ልምምዱን ከተማሩት 88 በመቶ፣ ካልተማሩት ደግሞ 56 በመቶ በ3 ወር ውስጥ ሽንታቸውን መቆጣጠር ችለዋል። በዚያው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሰፊ የብሪታኒያ ጥናት ግን፣ ከቀዶ ሕክምናው 6 ሳምንት በኋላ ሽንት ያመልጣቸው የነበሩ ወንዶችን በባለሙያ በግል ማስተማር ከተለመደው ምክር በዓመቱ መጨረሻ የተሻለ ውጤት አላሳየም። በካንሰር ከተሠራላቸው 76 በመቶ ከ77 በመቶ ጋር፣ በሽንት ቧንቧ በኩል ከተሠራላቸው ደግሞ 65 በመቶ ከ62 በመቶ ጋር፣ አሁንም ሽንት ያመልጣቸው ነበር። ሁለቱን ሳመዛዝን ልምምዱ መዳንን የሚያፋጥን እንጂ የሚያረጋግጥ አይደለም እላለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ በአግባቡ ከተሠራ አይጎዳም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ማስተማር ተገቢ ነው። «እየሠራህ ካልዳንክ ስንፍናህ ነው» ማለት ግን በሽተኛውን መበደል ነው።

ድንገት የሚመጣ ሽንት ላለበት ሰው ጡንቻውን ጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስቦ ስሜቱ እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ከዚያም ረጋ ብሎ መሄድ ይረዳል። ብዙዎች ሽንት ይቀንሳል ብለው ውኃ ይተዋሉ። የተወፈረ ሽንት ግን ፊኛውን የበለጠ ይቆጣዋል። በቡና አገር ቡና ተው ማለት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ካፌይን ፊኛን ስለሚያነሣሣ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን መተው መካከለኛ መንገድ ነው። ዝናብ በማያቋርጥባቸው የኢሉባቦር ወራት የታጠበ ጨርቅ እርጥብ ሆኖ መታሰሩ ቆዳን ስለሚያቆስል፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅ መያዝ፣ ማድረቅና መተኮስ፣ ቆዳውንም ቫዝሊን መቀባት ያስፈልጋል። ስለ ጸሎትና ንጽሕና የሚጨነቁ የሃይማኖት መምህራቸውን ይጠይቁ፤ ለሕመምተኛ የተለየ ሥርዓት እንዳለ ብዙዎች አያውቁም።

ትኩሳት፣ የረጋ ደም፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚቀጥን የሽንት ፍሰት ወይም ጨርሶ አለመሽናት ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መመለስ ይገባል። ዓመት ያለፈበትም ተስፋ አይቁረጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሽንት ሲያመልጣቸው የኖሩ ወንዶች ልምምዱንና የፊኛ ሥልጠናውን ለ8 ሳምንት ከተማሩ በኋላ የሚያመልጣቸው ጊዜ በ55 በመቶ ሲቀንስ፣ ባልተማሩት ላይ የቀነሰው በ24 በመቶ ነበር።