ከ«ስንት?» ወደ «ለምን?»፦ ዓይነታዊ ምርምርና የወላይታ ዞን ተሞክሮ

መግቢያ

አብዛኞቻችን ሐኪሞች በትምህርት ላይ ሳለን የተዋወቅነው ምርምር በቁጥር ላይ የተመሠረተው ነው። የናሙና መጠን እናሰላለን፣ መጠይቅ እናስሞላለን፣ ውጤቱንም በመቶኛ እናስቀምጣለን። ይህ «ስንት?» ለሚለው ጥያቄ ተገቢውን መልስ ይሰጣል። «ለምን?» እና «እንዴት?» የሚሉት ግን ሌላ ዘዴ ይሻሉ፤ እርሱም ዓይነታዊ ምርምር ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴውን በወላይታ ዞን በተደረጉ ጥናቶች አማካይነት ማስረዳት ነው።

ጫማ መኖርና ጫማ ማድረግ

ፖዶኮኒዮሲስ በዘር ተጋላጭነት ያላቸው ሰዎች ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ለዓመታት ሲመላለሱ የሚይዛቸው የእግር እብጠት ነው። እንደ ሌላው የዝሆኔ ዓይነት በትል አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ስርጭቱ 5.46 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በአግባቡ መታጠብ ነው።

ይሁን እንጂ «ጫማ አለዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ «አዎን» ቢል መልሱ እውነት ሆኖ ሳለ እግሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዞኑ ገጠር ቀበሌዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ዓይነታዊ ጥናት የዚህን ምክንያት መርምሯል። የገንዘብ እጥረት አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ የሚገኘው ጫማ ለእርሻ ሥራ አይመችም፤ ብዙዎችም ጫማን ሰው ፊት ለሚቀረብበት አጋጣሚ ያቆዩታል። ይህን ያልተረዳ የጫማ እደላ በሪፖርት ላይ የተሳካ፣ በማሳው ላይ ግን ያልተሳካ ይሆናል።

ዋና ዋና ዘዴዎች

ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ሰውየው በራሱ አንደበት እንዲተርክ ዕድል ይሰጣል። የቡድን ውይይት የማኅበረሰቡን የጋራ አስተሳሰብ ያወጣል፤ የሚያሳፍር ጉዳይ ግን በቡድን መካከል አይነገርም። ምልከታ ደግሞ ሰው የሚናገረውንና የሚያደርገውን ለማነጻጸር ያስችላል። ተመልካቹ በገበያ ቀን፣ በማሳና በእንሰት ጓሮ፣ ቡና በሚጠጣበት ቤት ይገኛል፤ ማን ጫማ እንዳደረገ፣ የት እንዳወለቀው፣ ታማሚውም የት እንደተቀመጠ ያስተውላል። ያየውን በዕለቱ ይጽፋል፤ በዓይኑ ያየውንና የራሱን ግምትም ለይቶ ያሰፍራል።

ተሳታፊዎች በዕጣ ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ሊያስረዱ በመቻላቸው ይመረጣሉ። መረጃ መሰብሰቡም አዲስ ሐሳብ መገኘቱ እስኪያቆም ይቀጥላል። ስለዚህ ከ12 ሰዎች ቃለ መጠይቅ መቶኛ ማውጣት ስሕተት ነው።

መገለልና ፈቃድ

ዘዴው ለሕክምና ሥነ ምግባርም ይጠቅማል። ስለ ፖዶኮኒዮሲስ የዘር ጥናት ሲታቀድ፣ ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ አስቀድሞ በወላይታ ዓይነታዊ ጥናት ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ይህ ጥናት በሽታው በዘር ይተላለፋል ብሎ መናገር በታማሚ ቤተሰቦች ላይ የሚደርሰውን መገለል ሊያባብስ እንደሚችል አሳይቷል። በቅጽ ላይ የሚሰፍር ፊርማ ብቻ ይህን ሥጋት አይገልጥም። ምልከታም ቢሆን ያለ ፈቃድ ሲደረግ ስለላ ይሆናል።

ማጠቃለያ

እኔም በተመላላሽ ክፍል እግራቸው ያበጠ እናትን «ጫማ ያድርጉ» ብዬ ማሰናበቴን አስታውሳለሁ። እሺ ብለው ሄዱ፤ ዳግመኛ ግን አልመጡም። ጫማው እግራቸውን ይችል እንደሆነ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ፣ ጎረቤት ምን እንደሚላቸው አልጠየቅሁም። ቁጥር የችግሩን ስፋት ይነግረናል፤ ምክራችን ከታማሚው ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ግን ሄዶ ማየት፣ ተቀምጦም ማዳመጥ ይገባል።