ስትሮክ ያደከመውን እጅ በስልክ ካሜራ ማለማመድ

ቲክቶክ ላይ ፊታችሁ ላይ የድመት ጆሮ የሚለጥፈውን ፊልተር ታውቁታላችሁ አይደል? ፊቱ የእናንተው ነው፤ ጆሮውን ግን ኮምፒውተሩ ደርቦበታል። ይህ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ብልሃት ስትሮክ ያደከመውን እጅ ለማለማመድ እየሞከሩት ነው።

ለምን በሉኝ። ስትሮክ የሚከሰተው የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ያኔ እጁ አልታዘዝ ይላል። የሚገርመው ግን የተጎዳው ጡንቻው ሳይሆን ትእዛዝ ሰጪው አንጎል ነው። የሞቱት የአንጎል ሴሎች አይመለሱም፤ የተረፉት ግን አዲስ ግንኙነት ፈጥረው ሥራውን በከፊል ሊረከቡ ይችላሉ። ለዚህ ደግሞ እንቅስቃሴውን ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ ታካሚዎች በአንድ የሕክምና ቀጠሮ በደከመው እጃቸው ዕቃ እንደማንሳት ያለ ሥራ የሚለማመዱት በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ነበር። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የአንጎል ለውጥ የታየው በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ልምምድ ነው። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ የጥኖራ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ገጠር ያሉ አንዲት አያት ፊዚዮቴራፒስት ፍለጋ ከተማ ለከተማ ስንቴ ሊመላለሱ ነው? ልምምዱ ቤት መግባት አለበት።

ካሜራው የሚረዳው ይህን ነው። ሚዲያፓይፕ የተባለው የጉግል ነፃ ሶፍትዌር ከተራ ካሜራ ምስል ላይ የእጅን 21 ነጥቦች ለይቶ ይከታተላል። ስለዚህ አያት በስክሪኑ ላይ የራሳቸውን እጅና የራሳቸውን ጠረጴዛ ያያሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን የሌለ ስኒ ተቀምጧል። እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ጣታቸውን ይከፍታሉ፣ ይጨብጣሉ፤ ፕሮግራሙ ይቆጥራል። ከከበዳቸው ስኒውን ያቀርብላቸዋል፣ ከቀለላቸው ያርቀዋል። (እውነቱን ለመናገር ያ ስኒ ክብደት የለውም፤ እውነተኛውን ስኒ ማንሳት አይቀርም!)

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ፣ የቅርብ ዘመዱ በሆነው ቪርቹዋል ሪያሊቲ ላይ 72 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ለእጅ ከተለመደው ሕክምና በልጦ አልተገኘም። በሕክምናው ላይ ሲጨመር ግን የተሻለ ውጤት ታይቷል፤ ምናልባት የልምምዱ ጊዜ ስለረዘመ ይሆናል። እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም፤ ሐኪሙን የሚተካ ባይሆንም ልምምዱ እንዳይሰለች ያደርጋል።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው። የደከመውን እጅ ጎትታችሁ አታንሱ፣ ትከሻው ሊጎዳ ይችላል። ስልክ ከሌለም አተር ከሳህን ወደ ሳህን ማዛወር ይቻላል፤ ቆጣሪዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ።