ምጣዱ ሞተ ከማለታችሁ በፊት

ምጣድ እምቢ ሲል የመጀመሪያው ፍርድ ሁሌም አንድ ነው፤ «ሽቦው ተቃጥሏል»። በኔ ግምት ግን እዚህ ወልድያ ውስጥ እንደዚያ ከተፈረደባቸው ምጣዶች የብዙዎቹ ሽቦ ደህና ነው። የተቃጠለው ስፒናው ነው፣ ወይ ሶኬቱ፣ ወይ ውስጥ ሽቦ የምታስር አንዲት ብሎን። አንዳንዴ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ጭራሽ የለም፤ መብራቱ ደክሞ ነው። አንዲት ብሎን ማጥበቅና አዲስ ምጣድ መግዛት ደግሞ በዋጋ አይተዋወቁም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ስለ ምጣድ ምን አገባው ለምትሉ፣ ቤታችሁ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ በላተኛው እሱ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። የስልካችሁ ቻርጀር 20 ዋት ቢሆን፣ አንድ ምጣድ ማለት 175 ስልክ በአንድ ሶኬት ማለት ነው። በ220 ቮልት ስናሰላው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የቤታችን ተራ ሶኬት ደግሞ ቢበዛ የሚችለው 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ሶኬቱ አቅሙ ጫፍ ላይ ነው፤ ትንሽ መላላት ይበቃዋል። ግማሽ ኦም የምታክል ልል መጋጠሚያ ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ታወጣለች። የድሮውን ባለ 100 አምፖል አብርታችሁ ስፒና ውስጥ እንደከተታችሁት ቁጠሩት። ያ የምናውቀው የፕላስቲክ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጎንደር በር አካባቢ ያከራዩኝ እትዬ ለሁለት ምግብ ቤቶች እንጀራ ያቀርባሉ። ምጣዳቸው ቀጥ ያለው በገበያ ዋዜማ፣ ማታ ነበር። ማሽላና ጤፍ የተቀላቀለበት ሊጥ ኩፍ ብሎ ቆሟል፤ ቢያድር ይሆመጥጣል። ሊጡ ከተበላሸ የዱቄቱ ብር ሄደ፣ እንጀራው ካልደረሰ ደግሞ ምግብ ቤቱ ሌላ ሴት ይፈልጋል። የተጠራው ጠጋኝ መጣና ገና ቆሞ ሳለ «እትዬ፣ ሽቦው ሄዷል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አላቸው። የጠራው ዋጋ የአንድ ሳምንት ትርፋቸውን ይበላል። እትዬ ቀና ብለው አዩትና «ሳትከፍተው በምን አወቅህ ልጄ?» አሉት። መልስ አልነበረውም።

ቴክኒክና ሙያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ምጣዱን ከሶኬት ነቀለ፣ ማብሪያውን አዞረና የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በስፒናው ሁለት እግሮች ላይ አሳረፈ። ቁጥሩ ከወዲያ ወዲህ ይዘላል፤ ገመዱን ሲነካው 14 ኦም ያሳያል፣ ሲለቀው ይጠፋል። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ሊኖረው የሚገባው እሱ ነው፣ 14 ኦም ገደማ። ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው፤ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ከሥር ያለውን ቆርቆሮ ሲፈታው ገመዱ ከምጣዱ ሽቦ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ከሰል መስሏል። የተቃጠለውን ቆረጠ፣ ጫፉን ልጦ በአዲስ የሸክላ መጋጠሚያ አጥብቆ አሰረው። እትዬ ጎመን ዘራቸውን ይዘው ምጣዱን ማሰስ የጀመሩት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ነው።

እንግዲህ ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላው መብራት ይሠራል? የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሂሳብ አለው? ብሬከሩ ወርዷል? ብሬከሩ ስትመልሱት ወዲያው የሚወርድ ከሆነ በግድ አትያዙት፤ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል ወይም እርጥበት ገብቷል። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር መፈተን ደግሞ ዋጋ የለውም። ቻርጀር በላላ ሶኬትም ይሠራል፣ የሚፈልገው ኢምንት ነው። ውሃ ማፍያ ሰክታችሁ ሞክሩት። ስፒናው ቡናማ ከሆነ ወይም ጋግራችሁ ስትጨርሱ በእጅ የማይያዝ ከሆነ ምርመራው አልቋል፤ ስፒናውም ሶኬቱም ይቀየሩ። በዲቫይደር የሚጋግር ሰው ካለ... እሱን እግዜር ይጠብቀው።

ሽቦው እውነትም የተበጠሰ እንደሆነ፣ ምጣዱን ገልብጦ ጄሶውን ማንሳት ይጠይቃል፤ ሽቦው ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ነው የተዘረጋው። ብዙ ጠጋኞች የተበጠሰውን ጠምዝዘው ይቀጥሉታል። ለአንድ ሰሞን ይሠራል። ነገር ግን በተጠመዘዘ ቁጥር ሽቦው ያጥራል፣ ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ይጨምራል፣ ቋጠሮው ደግሞ ከሌላው በላይ ይግላል። ሁለተኛ ሲበጠስ ሙሉውን መቀየር ይረክሳል።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ምጣዱ «ይነዝረኛል» ከተባለ ጋገራው እዚያው ይቁም። ብዙ እናቶች ነጠላ ጫማ አድርገው ይቀጥላሉ፤ በኔ ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም። ሸክላና ጄሶ ውሃ ይመጣሉ፣ ስለዚህ ምጣድ በውሃ አይታጠብም። ወደ መሬት የምትሄደዋ ሦስተኛዋ ሽቦ ከሌለች ወይም ከተቆረጠች መንገዱ የእናታችሁ ገላ ነው። ቴስተሩን ከሁለቱ እግሮች በአንዱና በቆርቆሮው ላይ ስታሳርፉት ምንም ቁጥር መምጣት የለበትም።

ምጣዱ ይሞቃል ግን እንጀራው ዓይን የለውም፣ ይጣበቃል የሚባለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። 160 ሲሆን ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው ጉዳቱ። ይሄንን ጠጋኝ አይጠግነውም፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር የሚመጣ ነው። ምጣዱ ለረዥም ሰዓት ሲግል ሙቀቱ ወደ ውጭ እየባከነ ስለሚቆይ፣ ለዚያው እንጀራ የምትከፍሉት ይበዛል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ወልድያ ደግሞ የመብራትን ዋጋ በመጽሐፍ አልተማረችም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ ያለ መብራት ወራት ስትገፋ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ዕቃ መደርደሪያ ነበር። እትዬ የእንጨቱን ምጣድ እስካሁን አልጣሉትም። እኛ መድን የምንለውን እሳቸው ጓዳ ጥግ አስደግፈው አስቀምጠውታል።

የጎረቤቱ ልጅ በዚያው ሳምንት የግቢያችንን ቮልቴጅ በየሰዓቱ ለክቶ ስልኩ ላይ መዘገበልን። ማታ 1 ሰዓት 172፣ ሌሊት 11 ሰዓት 214። እትዬ ቁጥሩን አስነበቡኝና «እንግዲያማ ከአዛን ጋር ነው መነሳት» አሉ። አሁን የሚጋግሩት ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ጋገራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።