ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ጠቃሚ ነፍሳት

ከሞያሌ በታች ባለው በጎልቦ ቆላ ዝናብ የሚጠበቀው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ቦረናዎች ጋናና ሀገያ በሚሏቸው ወራት ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ደረቅ ስለ ሆነ፥ ንብና ወፍ አበባና ውሃ ሲያጡ የሚጠጉት ወደ ሰው ጓሮ ነው፤ ጓሮውም ያለ እነርሱ እንደሚገባው አያፈራም።

ለዚህ ዱባ ምስክር ነው። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ሲሆን፥ ማለዳ ተከፍቶ ከቀትር በፊት ይከደናል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ንብ የወንዴውን ብናኝ ለሴቴው ካላደረሰች፥ ገና ብቅ ያለው ፍሬ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ብዙ ሰው ይህን ከበሽታ ቆጥሮ በማለዳ መድኃኒት ይረጫል፤ መድኃኒቱም የቀሩትን ንቦች ይፈጅና የሚረግፈው ፍሬ ይብሳል። መርጨት የግድ ከሆነ፥ ፀሓይ ስትጠልቅ፥ ተባይ በታየበት ተክል ላይ ብቻ ይሁን። በ2012 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ ደቡብ ኢትዮጵያንና ሰሜን ኬንያን በወረረ ጊዜ ክሎርፒሪፎስ መረጨቱ ለብርቱ ችግር ነበር፤ ንብ ገዳይ የሆነውን ይህን መድኃኒት በጓሮ ክሽክሽ ላይ ማፍሰስ ግን አይገባም። ክሽክሽን በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት ጥንዚዛ ከነልጆቿ ትበላዋለች። ልጇ ጥቁር ትል ስለምትመስል ብዙ ጊዜ በስሕተት ትደፈጠጣለች።

ግቢን ሁሉ መጥረግና በሲሚንቶ መልበጥ የንጽሕና ምልክት ሆኖ ይታያል። ነገር ግን አብዛኞቹ የንብ ዐይነቶች በቀፎ ሳይሆን በመሬት ጉድጓድ የሚራቡ ናቸውና፥ ከአጥሩ ሥር አንድ ማእዘን ሳይነካ ቢተው መልካም ነው። የእንጨት ክምር ግን ከበር ይራቅ፤ እባብም ጥላ ይወዳል።

ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ለንብ ውሃ ይቀመጥ ማለት ቀልድ ይመስል ይሆናል። የሚፈለገው ግን አንድ ጣሳ ብቻ ነው። ንቢቱ እንዳትሰምጥ በዝርግ ሳሕን ላይ ጠጠር ተደርጎ ይፈሰስበት፤ ትንኝ እንዳይፈለፈልበትም በየሁለት ቀኑ ተለውጦ የተደፋው ለተክል ይዋል።

ለአጥር እሬት፥ ለጥላ ሽፈራው ይመረጣል፤ የእሬትን አበባ ቀጭን ምንቃር ያላቸው ወፎች፥ የሽፈራውን ንቦች ይቀስሙታል። ቶሎ ያድጋል በማለት ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾኻም ዛፍ መትከል ግን አይገባም። በአፋርና በኬንያ ባሪንጎ ሰፊ የግጦሽ መሬት የያዘው እርሱ ነው፤ ፍየሎችም ፍሬውን በልተው ዘሩን ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በበጠጣቸው ያደርሱታል።