ዌንት የማን ልጅ ነው?

የእንግሊዝኛው «ጎ» መሄድ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ጋን» የወረደ ሲሆን ጀርመኖችና ሆላንዶችም በቅርብ ዘመዶቹ ዛሬም ይጠቀማሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ የኃላፊ ጊዜው ነገር ነው። ትውልድ በሙሉ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ በዜማ ሸምድዶታል። «ለምን ዌንት?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን «እንግሊዝኛ እንዲሁ ነው፣ ዝም ብለህ ያዝ» ተብሎ ይቀመጣል። ይህ መልስ ለቋንቋውም ለልጁም አይገባም። ዌንት ሕግ አክባሪ ቃል ነው፤ ችግሩ ሕጉን ያከበረው በተወለደበት ቤት መሆኑ ነው።

የተወለደበት ቤት «ዌንድ» የሚባል ግስ ነው። ዌንድ በጥንት ጊዜ መዞር፣ ማዞር ማለት ነበር፤ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረ ሰው መንገድ ጀምሯልና እየቆየ መጓዝ የሚለውንም ያዘ። «ሴንድ» ሴንት፣ «ቤንድ» ቤንት፣ «ስፔንድ» ስፔንት እንደሚሉ ሁሉ ዌንድም ዌንት አለ፤ ከዚህ የቀና ነገር የለም። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ በጻፋቸው የካንተርበሪ ተረቶች መግቢያ፣ ተሳላሚዎቹ ከእንግሊዝ አውራጃዎች ወደ ካንተርበሪ መጓዛቸውን የተናገረው በዚሁ በዌንድ ነው።

ታዲያ ጎ የራሱን ልጅ ምን በላው? ከመጀመሪያውም አልነበረውም! በጥንታዊው እንግሊዝኛ የጋን ኃላፊ ጊዜ «ኤኦደ» ነበር፤ እሱም ከሌላ ሥር የመጣ ነው። ኤኦደ እየደከመ ሄዶ በ15ኛው መቶ ዘመን ገደማ ዌንት ቦታውን ወረሰ። ልጁን የተነጠቀው ዌንድም «ዌንደድ» የሚል አዲስ ኃላፊ ጊዜ አበጀ፤ ዛሬ የሚኖረው መንገድን ይዞ ከመጓዝ ጋር በተያያዙ ጥቂት አባባሎች ውስጥ ነው። ስኮትላንዶች ግን ከራሳቸው «ጌ» ላይ «ጌድ» ብለው በቀጥታ አረቡ። ልጅ «ጎድ» ሲል በቀይ እስክሪብቶ የሚሰርዙ መምህራን ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ልጁ ተሳስቷል፤ ይሁን እንጂ ስኮቶች የሄዱበትን መንገድ ነው የያዘው።

አንድ ግስ ከሁለት ሥር መብቀሉ እንግዳ የሚመስለው አማርኛ ተናጋሪ ካለ የራሱን አፍ ያዳምጥ። «መጣ» ብለን «ይምጣ»፣ «አትምጣ» እንላለን። ወንድሙን ሲጠራ ግን «ምጣ» የሚል የለም፤ «ና» ነው፣ ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ»። አንቱ የምንለው ሰው ሲሆን ደግሞ ወደ «ይምጡ» እንመለሳለን። ግእዝም «መጽአ» ብሎ ሲያዝ «ነዓ» ይላል። ሕፃናትም ይህን እየሰሙ ይለምዱታል። ከአፍ የማይለዩ ግሶች ከሁለት ሥር ቢበቅሉም ዕለት ዕለት ስለሚነገሩ ሳይቃኑ ይኖራሉ።

«ጎን» የጎ የራሱ ወገን ነው፤ በአገራችን ደብዳቤዎች ግን ክፉኛ ይበደላል። አንዲት ወጣት ያሳየችኝ የድጋፍ ደብዳቤ «ለሥልጠና ናይሮቢ ሂዳ ነበር» ለማለት «ሃዝ ጎን ቱ ናይሮቢ» ይላል። እንግሊዝኛ አንባቢ ከዚህ የሚረዳው ሴትዮዋ እንደሄደች መቅረቷን፣ አሁንም እዚያ መሆኗን ነው፤ እሷ ደግሞ ደብዳቤውን ይዛ ፊቴ ቆማለች። ሄዶ የተመለሰ ሰው «ሃዝ ቢን ቱ» ይባላል። ስለ ራስ ሲጻፍማ ጥንቃቄው ይብሳል፤ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዱባይ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሥራ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው በሌለበት ቦታ ራሱን ማስቀመጡ ነው። «ቢን» ደግሞ መሆንን የሚያመለክተው የ«ቢ» ወገን ነው፤ ጎ ደርሶ መልስን ለመናገርም ጎረቤት ይጠራል።